ዘፈኑ አለ፣ ሽፋኑ የለም

ዲጂታል ቴክኖሎጂ ሙዚቃችንን ምን አደረገው ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ጥራት ነው። አልበም ሞተ፣ ነጠላ ዜማ ነገሠ፤ ሙዚቃ ቤቶች ተዘጉ፣ ዩቲዩብ ተከፈተ፤ ኪቦርድ ባንዱን አባረረ፣ ኮምፒውተር ደግሞ ኪቦርዱን አባረረ ይባላል። ይህ ሁሉ እውነትነት አለው፤ ብዙ ተብሎበታልም። እኔን ግን ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየው ከዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው፤ በካሴቱ ማቀፊያ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጥ የነበረው፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ወረቀት። ያ ወረቀት ከዘፈኑ ጋር ወደ ዲጂታሉ ዓለም አልተሻገረም። ባለመሻገሩም ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ደረሰው፣ ማንስ አቀናበረው የሚለው እውቀት ከብዙኃኑ እጅ ወጥቶ የጥቂት አዋቂዎች ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። ይኸው ነገር ሙዚቃውን አልፎ ጋዜጣውንም ድረ ገጹንም አግኝቷቸዋል።

ኑሮዬ በአራሚነት ነው። በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለች ቢሮ ውስጥ ሌሎች የጻፉትን ሳነብ፣ ነጥብ ሳስገባና ስም ሳቃና እውላለሁ። አራሚ አንድን ጽሑፍ ሲይዝ ከሁሉ በፊት የሚያየው ስሞቹን ነው፤ የተሳሳተ ግሥ አንባቢን ቢያስቅ ነው፣ የተሳሳተ ስም ግን ሰው ያስቀይማል። ልማዱ ቤት ድረስ ይከተላል፤ ሙዚቃ ስሰማም እጄ ወረቀት ይፈልጋል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የካሴት ሽፋን የ1980ዎቹ ነው። ሦስት ቦታ ይታጠፋል። ፊት ለፊቱ ላይ ዘፋኙ ከፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆሞ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይታያል፤ ቀለሙ በኅትመት ጊዜ ሸርተት ስላለ የከንፈሩ ቅላት ከከንፈሩ ውጭ አርፏል። ሲገለጥ የአንደኛውና የሁለተኛው ገጽ ዘፈኖች በቅደም ተከተል ተዘርዝረዋል። ከእያንዳንዱ ርዕስ ሥር በደቃቅ ፊደል «ግጥም» እና «ዜማ» የሚሉ ሁለት ቃላት ከነባለቤቶቻቸው አሉ፤ ከሁሉም በታች «ቅንብር» ይልና የባንዱን አባላት አንድ በአንድ ከነመሣሪያቸው ይጠራል። ባለ ስድስት አኃዝ የስልክ ቁጥር አለ፤ ያለፈቃድ ማባዛት በሕግ እንደሚያስጠይቅ የሚያስጠነቅቅ መስመርም አለ። ከዘፈኖቹ በአንዱ ሥር ደግሞ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ይላል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ደራሲው የማይታወቅ የአገር ዘፈን እንኳ ባለቤት አልባ ሆኖ አልቀረም፤ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ሕዝቡ በስሙ ተጽፎለታል።

በእኛ ሙዚቃ እነዚህ ሦስት ስሞች ለይስሙላ የሚደረደሩ አይደሉም። ብዙዎቹ ታላላቅ ድምፃውያን የራሳቸውን ግጥም አልጻፉም፣ ዜማም አልደረሱም፤ ዘፈኑ ገጣሚ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪና ዘፋኝ ተቀባብለው የሚሠሩት ሥራ ነበር። ከገጣሚዎቹ ይልማ ገብረአብ የሚለውን ስም በስንት የተለያዩ ዘፋኞች ካሴት ላይ እንዳነበብን፣ ከዜማ ደራሲዎቹም አበበ መለሰ የሚለውን በስንቱ ላይ እንዳየን የዚያ ዘመን አድማጭ ያውቀዋል። ቀደም ባለው ዘመን ሳህሌ ደጋጎ ለክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የሠራቸውን ሥራዎች የሚያዳምጥ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠራው የዘፋኙን ስም ነው። ግርማ በየነ በገዛ ድምፁ ያስቀዳቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ወረቀቱ ከተነሣ ግርማን የሚያስታውሱት እነዚያ ጥቂቶቹ ብቻ ይሆናሉ ማለት ነው።

ስሙ ለባለቤቱ ክብር ብቻ አልነበረም፤ እንጀራውም ነበር። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቱ አሳታሚም አከፋፋይም ሆኖ ለሥራው አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ገጣሚውና የዜማ ደራሲውም ድርሻቸውን አንድ ጊዜ ተቀብለው ይሄዳሉ። ካሴቱ አንድ ሺህም ተሸጠ መቶ ሺህ ከዚያ በኋላ የሚጨመርላቸው የለም። የሚጨመርላቸው ነገር ቢኖር በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ነበር፤ ሌላው ዘፋኝ ካሴቱን ገዝቶ፣ የወደደውን ዘፈን ለይቶ፣ «ይህን የጻፈው ማነው?» ብሎ ወረቀቱን ሲገልጥ ቀጣዩ ሥራ ይገኛል። ወረቀቱ የሠራተኛው ማስታወቂያ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ከካሴቱ በፊት የነበረው ሸክላም ቢሆን መሐሉ ላይ በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ስም ይይዝ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ፣ ሸክላ የማሳተምን መብት ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የሰጠውን ትእዛዝ ደፍሮ፣ ከመቶ በላይ ሸክላዎች ሲያሳትም የድርጅቱ ዓርማና የዘፋኙ ስም አብረው ይዞሩ ነበር። በኋላ ካሴት መጣና የሽያጩ ዓለም ወደ ፒያሳና ወደ መርካቶ ሙዚቃ ቤቶች ገባ። ፒያሳ ላይ ቀጠሮ የነበረው ሰው «ማህሙድ ጋ» ይል ነበር፤ ማህሙድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ቆሞ ሰው መጠበቅ ማለት ደግሞ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ሽፋኖች ማንበብ ማለት ነው። ሽፋን ማንበብ የከተማ ሰው ሥራ ፈትነት ነበር፤ በዚያ ሥራ ፈትነት ግን ብዙ ሰው ስም ተማረ።

በነገራችን ላይ ሕገወጥ ቅጂ ዲጂታል ያመጣው ጣጣ አይደለም። ካሴትም በገፍ ይባዛ ነበር። ልዩነቱ የካሴት አባዢው ሽፋኑንም ፎቶ ኮፒ ያደርግ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ የዘፋኙ ፊት ጠቁሮ፣ ግን ግጥምና ዜማው ከነባለቤቱ ይነበባል። ሌባው ገንዘቡን ወሰደ እንጂ ስሙን አልወሰደም።

ስሙ የጠፋው በፋይሉ ጊዜ ነው፤ እንዴት እንደጠፋም በዝርዝር ማየት ይቻላል። ኤምፒስሪ የተባለው የድምፅ ፋይል በዋነኛነት በጀርመኑ የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች የተሠራ ሲሆን ይህን የፋይል መጠሪያ ያገኘው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ሲወለድ ድምፁን እንጂ የድምፁን ባለቤት የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። በማግሥቱ ዓመት አይዲስሪ የተባለ መለያ በፋይሉ ጅራት ላይ ተቀጠለለት። መለያው በጠቅላላው 128 ባይት (ባይት የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ ነው) ነው፤ ለርዕስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30፣ ለዓመት 4፣ ለማስታወሻ 30፣ ለሙዚቃው ዓይነት 1፣ የቀረው 3 ደግሞ መለያው መጀመሩን ለማመልከት። ለገጣሚ የለም። ለዜማ ደራሲ የለም። ለአቀናባሪ የለም። 30 ባይት ለላቲን ጸሐፊ 30 ሆሄ ነው፤ ለእኛ ግን ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አመዘጋገብ ብንጽፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ስለሚወስድ 10 ሆሄ ብቻ ይሆናል፤ «ጥላሁን ገሠሠ» በጭንቅ ገብቶ የሚተርፈው ለሁለት ፊደል ነው። ያውም ያን ጊዜ መለያው የእኛን ፊደል ጨርሶ አያውቅም ነበር። ለሙዚቃው ዓይነት የተዘጋጀው ዝርዝርም 80 ስሞች ሲኖሩት ፖልካ አለ፣ ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሉም፤ ሁላችንም «ኤትኒክ» በሚል አንድ ቁጥር ሥር ተጠቃለናል።

እዚህ ላይ ቴክኖሎጂውን ረግሞ መቀመጥ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ፍትሐዊ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የመለያው ዓይነት ለግጥም ደራሲ ራሱን የቻለ ቦታ፣ ለዜማ ደራሲም ራሱን የቻለ ቦታ አለው፤ ሌሎች ተሳታፊዎች የሚዘረዘሩበት መስመርም ስላለው አቀናባሪው እዚያ ሊገባ ይችላል። ርዝመቱም እንደ ቀድሞው የተገደበ አይደለም፤ የእኛም ፊደል ይጻፍበታል። እንግዲህ በየኪሳችን የያዝነው የኤምፒስሪ ፋይል ሦስቱንም ስሞች ይዞ ሊዞር ይችላል ማለት ነው። ቦታው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚሞላው ጠፋ እንጂ። አድራጊው ሰው ነው፤ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ሰው ቸኩሎ ነበር። ከዚያ የተቀበለውም ቸኩሎ ነበር።

ከራስ መኮንን ድልድይ አለፍ ብሎ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ላይ ሙዚቃ የሚጭን ወጣት አለ። ክፍሉ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ኮምፒውተሩ ላይ ማኅደሮቹን «የድሮ 1»፣ «የድሮ 2»፣ «የሰርግ»፣ «መዝሙር»፣ «ለስለስ ያሉ» ብሎ ከፋፍሏቸዋል፤ የሚኒባስ ሾፌር መጥቶ «የድሮውን ሙላልኝ» ይለዋል፣ እርሱም ይሞላለታል። ኢንተርኔት ከሰኔ 2012 መጨረሻ ጀምሮ ለሳምንታት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የከተማው ሰው ሙዚቃ ይሰማ የነበረው እንዲህ ባሉ ልጆች ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሙያውን የምንቀው አይደለም። አንድ ቀን በተራዬ ቆሜ ስጠብቅ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ዘፈን ያዘኝ።

«የማን ዜማ ነው ይሄ?» አልኩት።

«የድሮ ነው ጋሼ» አለኝ፣ ፊቱን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«ድሮ መሆኑንማ እሰማለሁ። የሠራው ማነው ማለቴ ነው።»

አሁን ቀና አለና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። ፋይሉ «ትራክ 07» ይላል፤ ከጎኑ ግን ዘፈኑን ያሠራጨው የቴሌግራም ቻናል ስም ከነመለያ ምልክቱ ተለጥፏል። ገጣሚው የለም፣ የዜማ ደራሲው የለም፣ ዘፋኙ ራሱ የለም፤ አከፋፋዩ ግን ራሱን አልረሳም። ወጣቱም ግራ እንደ መጋባት ብሎ «ጋሼ፣ እኔ የመጣልኝን ነው የምጭነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ለአዲሶቹ ዘፈኖች ነገሩ በመጠኑ ይሻላል። የዛሬ ክሊፖች ብዙዎቹ መግቢያቸው ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ካሜራ፣ ዳይሬክተር እያሉ ስሞቹን ያሳልፋሉ፤ በዩቲዩብ ማብራሪያ ሥርም የሚጽፉ አሉ። ጣጣው የሚመጣው ድምፁ ከምስሉ ተላቅቆ ሲሄድ ነው። ቲክቶክ ላይ የምትዞረው የአሥራ አምስት ሰከንድ ቁራጭ መግቢያ የላትም፤ ብዙ ወጣት ደግሞ አንድን ዘፈን የሚያውቀው በዚያች ቁራጭ ብቻ ነው። ሬዲዮ በዚህ ረገድ ከሁሉም የተሻለ ታማኝ ሆኖ የቆየ ይመስለኛል። ሙያውን የሚያከብር አዘጋጅ ዘፈኑ ሲያልቅ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን ሳይጠራ አያልፍም፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ሽፋን ይሆናል።

ስሙ ተጽፎ እንኳ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል፤ መገኘት። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚመዘገቡበት የጋራ መስፈርት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 በተባለው ዕትም ነው፤ ለብዙኃኑ ኮምፒውተር ተጠቃሚ የደረሰው ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት የጻፍነው በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ነበር። እነዚያ ፎንቶች ውለታቸው ትልቅ ነው፤ የአገሪቱ ኅትመት ለዓመታት የቆመው በእነርሱ ነው። ነገር ግን የሚሠሩት የላቲኑን ፊደል ቦታ የእኛን ቅርጽ በማልበስ ነበርና ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። በቢሮዬ ከአሥርና አሥራ አምስት ዓመት በፊት የተቀመጡ ፋይሎች እንዲህ ሆነው ይከፈታሉ፤ ጽሑፉ አለ፣ ፎንቱ ካልተገኘ ግን ማንም አያነበውም፤ የፍለጋ ሞተር ደግሞ ፎንቱ ቢገኝም አያገኘውም። የዚያ ዘመን የአማርኛ ድረ ገጾችም ወይ «ፎንቱን አስቀድመው ያውርዱ» ይሉ ነበር፣ ወይ ገጹን እንደ ፎቶ ያስቀምጡት ነበር። ብዙዎቹ ዛሬ የሉም።

ዩኒኮድ ይህን ፈታ፤ የራሳችንን ጣጣ ግን አልፈታልንም፣ እንዲፈታልንም አይጠበቅም። አንዱ «ገሠሠ» ሲል ሌላው «ገሰሰ» ይላል፤ አንዱ «ዓለማየሁ» ሲል ሌላው «አለማየሁ» ይላል፤ ለዓይናችን አንድ ሰው ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ካልተነገረው በስተቀር ሁለት ናቸው። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይባስ። የጥላሁንን ስም አገር ቤት ያለው ሰው እንደ እንግሊዝኛው አድርጎ ይጽፈዋል፤ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ መታተም የጀመረው የኢትዮጲክስ ተከታታይ አልበም ደግሞ አናባቢውን ዘልሎ፣ በፈረንሳይኛ ምልክቶች አጅቦ ጽፎታል። እንዲህ ሲሆን አንድ ዘፋኝ በሁለት ስም ይመዘገባል፤ ሥራው ለሁለት ይከፈላል፣ የአድማጩ ቁጥርም አብሮ ይከፈላል። በዚህ ላይ እነዚህ አገልግሎቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው፤ በአባት ስም የምንጠራ መሆናችን ሲታከልበት አንዳንዱ ዝርዝር ዘፋኙን በአባቱ ስም ፊደል ሥር ያስቀምጠዋል።

ኢትዮጲክስን ካነሣሁ አይቀር ዲጂታሉ ዘመን የመለሰልንን ነገር መካድ አይገባም። የዚያ ተከታታይ ትልቁ ውለታ፣ በእኔ እምነት፣ ድምፁን ማጽዳቱ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ሲዲ ጋር ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደሠራ የሚተርክ ቡክሌት ማያያዙ ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም አለ። በ1985 እ.ኤ.አ. የሠራውን ካሴት ባሕር ዳር ላይ ያገኘ አሜሪካዊ አሳታሚ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ፈልጎ አገኘውና ሥራው በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ብዙ ሰው ይህን የኢንተርኔት ተአምር አድርጎ ያወራዋል፤ እኔ ደግሞ የሽፋን ተአምር አድርጌ ነው የማየው። ባሕር ዳር የተገኘው ካሴት ስም ነበረው። «ትራክ 07» ቢሆን ኖሮ ማን ተብሎ ይፈለጋል?

ጋዜጣው ላይም ያው ነው። አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ እንደነበር ለማያውቅ ወጣት ሲነገረው ቀልድ ይመስለዋል። አዟሪው ጋዜጦቹን አስፋልቱ ዳር ይዘረጋል፤ አንባቢው ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ፣ ድንጋይ ላይ ወይም አጥር ተደግፎ፣ አዲስ ዘመኑንም ሪፖርተሩንም አዲስ አድማሱንም አንብቦ ይመልሳል። ክፍት የሥራ ቦታ ፍለጋ የሚመጣውም፣ ርዕሰ አንቀጽ የሚያነበውም ጎን ለጎን ነበሩ። ገንዘብ ባይኖረው እንኳ የሚያነበው ሙሉ ጋዜጣ ነበር፤ ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ የአሳታሚው አድራሻ፣ የጸሐፊው ስም ያለበት፣ ብዙውን ጊዜም እዚያው ሰፈር በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው በብርሃንና ሰላም የታተመ። አንድ ነገር ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ማን እንደጻፈው ይታወቃል፤ ቅጂው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር ገብቷል፣ ከዓመታትም በኋላ ወጥቶ ይታያል።

ዛሬ ያው ዜና በቴሌግራም ይመጣል፤ ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነው፣ ወደ አዟሪው የምመለስበት ምክንያት አይታየኝም። ነገር ግን ከቻናል ወደ ቻናል በተላለፈ ቁጥር አንድ ነገር ይረግፍበታል። መጀመሪያ የጸሐፊው ስም ይሄዳል፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ የመጣበት ጋዜጣ፤ በመጨረሻም የገጹ ፎቶ ብቻ ይቀርና ከሁለት ዓመት በፊት የሆነው ነገር ዛሬ ጠዋት እንደሆነ ተደርጎ ሰው ያስደነግጣል። ስለ ሥርዓተ ነጥብ አንድ አጭር ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ ጽፌ ነበር። ከወራት በኋላ የአክስቴ ልጅ በስልክ ላከልኝ፤ ስሜ የለበትም፣ አንድ አንቀጽ ተቆርጦ ሌላ ሰው ምክር ጨምሮበታል። «ይህቺን አንብባት ወንድሜ፣ ለሥራህ ትጠቅምሃለች» ይላል ከሥሩ። አመስግኜ መለስኩለት፤ ሌላ ምን ይባላል?

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ከልማዳችን የተሻለ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ከገንዘቡ መብት ሌላ የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ከእነዚህም ቀዳሚው የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለትና ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል የሚከፈለውን ድርሻ ሰብስበው ለባለመብቶች የሚያከፋፍሉበትን መንገድ አመቻችቷል። ነገር ግን ሮያሊቲ የሚከፈለው ለስም ነው። ሆቴሉ፣ ሬዲዮ ጣቢያው፣ አውቶቡሱ ያጫወተው ዘፈን «ትራክ 07» ከሆነ ገንዘቡ ቢሰበሰብ እንኳ የሚላክበት አድራሻ የለውም። የዩቲዩብ የባለመብት መለያ ሥርዓትም የሚያውቀው የተመዘገበለትን ብቻ ነው፤ የግጥም ደራሲውን ያስመዘገበ ከሌለ ገንዘቡ ፋይሉን ቀድሞ የእኔ ብሎ ወዳስመዘገበው ይሄዳል።

አውታር የተባለው የሙዚቃ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ ኤልያስ መልካ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ትርጉም ነበረው። አቀናባሪ ነዋ። ስሙ በሽፋኑ ታችኛው መስመር ላይ ለዓመታት የኖረ ሰው የሽያጩን መንገድ ለመሥራት ከጓደኞቹ ከጆኒ ራጋ፣ ከኃይሌ ሩትስና ከዳዊት ንጉሡ ጋር መነሣቱ ያለ ነገር አይመስለኝም። ኤልያስ በመስከረም 2012 አረፈ። በአገር ቤት የተሠሩ መተግበሪያዎች ከእርሱ በኋላም ቀጥለዋል፤ ከውጭዎቹ የሚበልጡበት አንድ ዕድል ቢኖር ሦስቱን ስሞች፣ በገዛ ፊደላችን፣ ከዘፈኑ ርዕስ ሥር ሳይሸሽጉ ማሳየት ነው። ይህን ለማድረግ ትልቅ ካፒታል አያስፈልግም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ባጭሩ ላንሣው። በሕይወት የሌለ ድምፃዊ ያልዘፈነውን ዘፈን «ሲዘፍን» የሚያሰሙ ቅጂዎች እየተሠሩ ነው። ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው የድምፁ መመሳሰል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዓመታት በኋላ ያ ቅጂ «የድሮ 1» ውስጥ ገብቶ ከእውነተኛው ጎን ሲቀመጥ ለይቶ የሚናገር ወረቀት አለመኖሩ ነው። ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተቀዳ የሚሉትን የማይመልስ ዘፈን እውነተኛም ሆነ ሐሰተኛ ለአድማጩ አንድ ነው።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ልመለስ። ሽፋኖቼን በጥራዝ ይዤ ሄድኩና ለወጣቱ አሳየሁት። እንደ ጠበቅሁት አልተሰላቸም፤ እንዲያውም ያ የጠየቅሁት ዘፈን ከእነርሱ በአንዱ ላይ ሲገኝ ከእኔ ይልቅ የተደሰተው እርሱ ነው። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት እኔ እያነበብኩለት እርሱ ይጽፍ ጀመር፤ መለያው ውስጥ ገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን በየቦታቸው፣ የፋይሉ ስም ላይ ደግሞ ሁሉንም። አንድ ደንበኛ ግን ካርዱን ይዞ ተመልሶ መጣ፤ ስሙ ረዝሞ የሚፈልገውን ዘፈን ማግኘት አልቻለም።

«አየህ ጋሼ» አለኝ ወጣቱ፣ «ስልክ ላይ ግማሹ ተቆርጦ ነው የሚታየው። የመኪና ቴፕማ አማርኛም አያነብም፣ ሳጥን ሳጥን ነው የሚያሳየው።»

«ታዲያ እናሳጥረዋ። የትኛውን እናውጣ?»

ጥቂት አሰበና «ምንም አናወጣም» አለ። «የዘፋኙን ስም መጨረሻ ላይ እናድርገው። እሱንማ አፉን ሲከፍት ያውቁታል።»

ተስማማሁ። «የድሮ 1» አሁን በዚሁ ቅደም ተከተል ተሞልቷል፤ ርዕስ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ከዚያ ዘፋኝ። «የድሮ 2» ገና ነው፤ ሽፋናቸው እኔ ጋ የሌለ ብዙ ዘፈኖች አሉበትና ካሴቶቻቸውን ከነወረቀታቸው ያስቀመጡ ሰዎችን እየጠየቅን ነው።